የሟች የሕይወት ታሪክ ላይ ሰውየው የት ይገባል?

ብዕረ ቀበና፦

እንጀራዬ ጽሑፍ ነው። የሬዲዮ ድራማ እጽፋለሁ፣ የሰው ግለ ታሪክ አርማለሁ፣ የመሥሪያ ቤት መጽሔት ሲመጣም አዘጋጃለሁ። ሰፈሬ ግን የሚያውቀኝ በነዚህ አይደለም። የእድሩ ጥሩምባ ከተነፋ በኋላ ከድንኳኑ ቀጥሎ የሚታሰበው የእኔ በር ነው። «አንቺ ትጽፊ የለም እንዴ? የእማማን የሕይወት ታሪክ ለነገ ስድስት ሰዓት አድርሺልን» ይሉኛል። እምቢ አይባልም። የጀመርኩት ድራማ ይቀመጥና ደብተሬን ይዤ ወደ ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ።

ቅርጹን ሁላችንም በቃል እናውቀዋለን። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌና ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት በቀድሞው ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ ልዩ ስሙ እንዲህ በተባለ ቦታ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ…» ብሎ ይጀምርና «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል» ብሎ ያበቃል። መሃል ላይ «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያደረባቸው» ይባላል። ከሰፈራችን የተሸኙት ሁሉ በዚህ ቃል ተሸኝተዋል። ብዙዎቹም በእውነት እንደዚያ ነበሩ። ግን ለተቸገረ የደረሱት እንዴት አድርገው ነው? ምን አንሥተው ለማን ሰጡ? እሱ ካልተነገረ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ቆሞ የሚሰማው ሰው ከስሙ በቀር የሚይዘው ነገር የለም።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት ስገባ መጀመሪያ የምጠይቀው የበኩር ልጁን አይደለም። የበኩር ልጅ የሚያውቀው ማስረጃውን ነው፤ የት ተቀጠሩ፣ መቼ ጡረታ ወጡ። እሱንም እጽፋለሁ። ሌላውን የሚያውቁት ግን ጓዳ ያሉት ናቸው፤ ቡና አብራ የምትጠጣዋ ጎረቤት፣ የቤት ሠራተኛዋ፣ ከትምህርት ቤት ሲመጣ አያቱ ጋ የሚውለው የልጅ ልጅ። «ማንም ሳያዛቸው ምን ያደርጉ ነበር?» እላቸዋለሁ። ትንሽ ዝም ይላሉ፤ ከዚያ አንዷ ትጀምራለች።

አንድ ጊዜ በሰፈራችን ጤፍና በርበሬ እየቸረቸሩ ልጆች ያሳደጉ እናት ዐረፉ። ፊደል ስላልቆጠሩ ዱቤውን የሚይዙት ከበሩ ጀርባ በከሰል እያሰመሩ ነበር። ለያንዳንዱ ቤት የራሱ መስመር ነበረው። የነገረችኝ የቤት ሠራተኛዋ ናት፤ ባል የሞተባት ወይም ከሥራ የተቀነሰ ሲኖር እማማ ጨርቅ በውሃ ነክረው መስመሩን ይጠርጉታል፣ ለሰውየውም አይነግሩትም። ልጃቸው እንዳይጻፍ ፈለገች። «እናቴ ፊደል አለማወቋ ሕዝብ ፊት ለምን ይወጣል? ክብሯን ይነካል» አለች። ሌሊቱን ብዙ ተነጋገርን፤ በመጨረሻ ተስማማች። ሲነበብ ግቢው ውስጥ አንገታቸውን ደፍተው የነበሩ ሰዎች ቀና ሲሉ አየሁ። ማን እንደነበሩ አውቃለሁ፤ የእኛም ቤት መስመር እዚያ በር ላይ ነበረ።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አምና ሚያዝያ ላይ እናቴ ዐረፈች። የሰው ሁሉ የምጽፈው እኔ የእናቴን መጻፍ አልቻልኩም፤ የሥራ ባልደረባዬ ጻፈልኝ። ከላይ እስከ ታች ያው የምናውቀው ቅርጽ ነበር፣ አንዲት የተለየች ነገር የለበትም። እኔን ግን ያስለቀሰኝ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ነው። «ከእናታቸው ከወይዘሮ…» ሲል የአያቴ ስም በድምፅ ማጉያ ተጠራ። ያን ስም ሕዝብ ፊት ሲጠራ ሰምቼው አላውቅም። አያቴ ገጠር ነው የተቀበሩት፤ ያኔ የተነበበ ወረቀትም አልነበረም። ያ የተሰላቸንበት መክፈቻ ሟችን ብቻ አይደለም የሚያነሣው፤ ከኋላ ያሉትንም ሁለት ሰዎች ይዞ ይነሣል። ከዚያ ወዲህ ቅርጹን ከማክበር ሌላ አላሰብኩም፤ የምፈልገው ሰውየውን ውስጡ ማስገባት ነው።

እናንተስ እንዴት ታደርጋላችሁ? የራሳችሁን ሰው የጻፋችሁ ካላችሁስ፣ እንዴት ቻላችሁት?

ባለ ጽሕፈት ቤቱ፦

እትዬ፣ የሚሉትን ነገር እኔ ከሌላ ወገን አየዋለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት አለኝ። ማለዳ በሩን ስከፍት ሌሊቱን ያልተኙ ወጣቶች ቆመው አገኛለሁ። ግማሽ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ይሰጡኝና «ሌላውን ከነበረው ላይ ሙላልን» ይላሉ። ከነበረው ማለታቸው ቀደም ሲል የጻፍኩት የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ስሙ፣ ቦታው፣ የልጆቹ ቁጥር ይቀየርና ይታተማል። አልፈርድባቸውም፤ ቀብሩ እኩለ ቀን ነው፣ ፎቶው ገና አልታጠበም፣ ዘመድ በስልክ ይጮሃል።

እርስዎ እንደሚያደርጉት የሚጽፍ ሰው በየሰፈሩ የለም። ስለዚህ ከወንበሬ ሆኜ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ለሌላም ይጠቅማል። ከመታተሙ በፊት አንዱ ጮክ ብሎ እንዲያነብ፣ ሌላው እየሰማ እንዲያርም አደርጋለሁ። «ተወለዱ፣ አገቡ፣ ዐረፉ» ለወንድም ለሴትም አንድ ስለሆነ ዐይን ያልፈዋል፤ «የስድስት ልጆች አባት» የሚለው ግን ከቀድሞው ሟች ወይዘሮዋ ላይ ይቀራል። ከዚያ ልጆቹን በስም እንዲቆጥሩልኝ እጠይቃለሁ። ከሌላ ትዳር የተወለደ ልጅ ሳይጠራ ቀርቶ መቃብር ላይ ጠብ ሲነሣ ታዝቤያለሁ። የተረሳ አይደለም፤ ሆን ተብሎ የተተወ ነው። ያን የሚያህል በደል በአንድ ወረቀት ሲፈጸም ማየት ከባድ ነው።

ለውጭ አገር ዘመድ የምትልኩ ከሆነ ደግሞ በፒዲኤፍ ይሁን። በፓወር ግዕዝ የቆዩ ፊደሎች የተጻፈ ከሆነ እዚያ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ነው የሚሆነው።

ጡረተኛው መምህር፦

እህቴ፣ «የራሳችሁን ሰው የጻፋችሁ» ስላልሽ ነው የምመልሰው። እኔ የታናሽ ወንድሜን ጽፌያለሁ።

በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ነው የተገደለው። ያኔ ማልቀስ ክልክል ነበር። እናታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ መልበስ እንኳ አልቻለችም፤ የቀበሌ ጥበቃ በር ላይ ያልፋል። ድንኳን የለ፣ ፍትሐት የለ፣ አስክሬን የለ። ደርግ ከወደቀ በኋላ ከ1983 ወዲህ የጅምላ መቃብሮች ሲቆፈሩ የእሱ የትኛው እንደሆነ ለይተን አላገኘንም። ቤተሰቡ ተሰብስቦ መታሰቢያ ሲያደርግ «አንተ መምህር ነህ፣ ጻፍ» ተባልኩ።

ወረቀቱን ስይዝ የገባኝ የቅርጹ ቃላት ለእሱ እንዳልተሠሩ ነው። «ባደረበት ሕመም» አይባልም። «የትዳርና የልጆች» የሚለው ክፍል የለውም። «በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ያገለገለ» የለውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ በቃ። አንድ ገጽ አልሞላም። ዘመዶች ስለ ትግሉ፣ ስለ ድርጅቱ እንድጨምር ፈለጉ። እኔ ግን ስለዚያ ከሌሎች የሰማሁትን እንጂ ያየሁትን አላውቅም። የማውቀውን ጻፍኩ። በእኔ ሸሚዝ ነበር ትምህርት ቤት የሚሄደው፤ እጅጌው ስለሚረዝምበት ሁለት ጊዜ ይጠቀልለዋል፣ ሲመልስልኝም ጥቅሉን ፈትቶ፣ በእጁ አስተካክሎ ነው። የወሰዱት ዕለት የለበሰው ያንኑ ሸሚዝ ነው።

መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም በ2002 ሲከፈት ሄጃለሁ። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች ሳይ እያንዳንዱ የሚያውቀው ሰው እንዳለ አሰብኩ። የሚያውቁት ሰዎች ግን እያረጁ ነው። ስለዚህ እዚህ ለምታነቡ ሁሉ፣ በቤታችሁ ያልተጻፈ ካለ ቀብር አትጠብቁ።

ዘደብረ ማርቆስ፦

በአክብሮት ልለይ። ቀብር የድርሰት መድረክ አይደለም። ሽማግሌዎች ፀሐይ ላይ ቆመዋል፣ ካህናቱ ፍትሐቱን ጨርሰው ይጠብቃሉ። ወረቀቱ አጭር ሆኖ ማን ከማን ተወለደ፣ ምን ሠራ፣ መቼ ዐረፈ የሚለውን ብቻ ቢመዘግብ ይበቃዋል።

ብዕረ ቀበና የምትፈልገውን ሥራ በእኛ አገር የሚሠራው አልቃሽ ነበር። እኔ ያደግሁት ጎጃም ነው። አልቃሿ ለቅሶው ላይ ስትደርስ መጀመሪያ ዝም ብላ ትሰማለች፤ ሟች ከብቱን እንዴት ይጠራ እንደነበር፣ ከማን ጋር ተኳርፎ እንደሞተ፣ የትኛዋን ልጁን እንደሚያቀማጥል ከሴቶቹ ትለቃቅማለች። ከዚያ በግጥም ታወጣዋለች። በደረቅ ንግግር የማይደፈረውን በሙሾ ታልፈዋለች፣ የተኳረፈውም ቆሞ ይሰማል፣ ያለቅሳል። የሰውየው ማንነት ያለው እዚያ ነበር። ወረቀቱን ወረቀት እናድርገው።

ብዕረ ቀበና፦

ወንድሜ፣ በጣም ነው የምስማማው፤ ግን ከዚያው ተነሥቼ ሌላ ቦታ እደርሳለሁ። አልቃሿ ከተማ ውስጥ የለችም። አባቶችም ለቅሶ እንዳይበዛ፣ ፊት እንዳይነጭ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ሙሾው በየሰፈሩ ቀርቷል። አዲስ አበባ ላይ ለሟች በስሙ የሚነገርለት ያቺ አንዲት ወረቀት ብቻ ናት። ስለዚህ የመዝገቡም የአልቃሿም ሥራ እሷ ላይ ወድቋል። ማጠሯ እውነት ነው፤ እኔም ከአንድ ገጽ ተኩል አላሳልፍም። ግን ከዚያ ውስጥ ሦስት መስመር ለሰውየው ይገባዋል።

ያልከው «መጀመሪያ ዝም ብላ ትሰማለች» የሚለው ደግሞ የሙያው ዋናው ነገር ነው። እኔ ጠይቄ የማገኘውን ያህል ጥግ ተቀምጬ አገኛለሁ። ለቅሶ ቤት ሰው ሟችን የሚያነሣው ምግብ ሲቀርብ ነው፤ «እሷ ብትኖር ይህን ወጥ ትቀምስና…» ይላሉ። ደብተር ማውጣት አያስፈልግም፣ መስማት ብቻ።

ስለ ዘመን አቆጣጠርም አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይቸገርበታል። የልደት ቀን የሌላቸው አረጋውያን ናቸው የሚበዙት። መታወቂያው ላይ ያለው ቁጥር ግምት ነው። እናታቸው «ጣልያን በወጣ በዓመቱ» ይሉ ከነበረ 1934 ማለት ነው፤ ሁለቱንም ጻፉት፣ አባባሉንም ዓመቱንም። የትውልድ ቦታም ሲሆን በተወለዱበት ጊዜ የነበረውን ስም አስቀድሙ። በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ክፍለ ሀገር፣ ከዚያ ክልል እየተባለ ስሙ የተቀያየረ አገር ነው፤ ሟች «አገሬ» ሲሉ የኖሩበትን ስም መተው ሰውየውን ከቦታው መንቀል ይሆናል። ክርስቲያን ከሆኑ የክርስትና ስማቸውን ጠይቁ። ካህኑ በጸሎት የሚያነሣቸው በእሱ ነው፣ ልጆቹ ግን ብዙ ጊዜ አያውቁትም። የምታውቅ አንዲት አክስት ትኖራለች።

የሐረር ልጅ፦

እኛ ሙስሊሞች ዘንድ ቀብር አይዘገይም፤ ጠዋት የሞተ ከሰዓት በኋላ ተቀብሯል፣ የሚነበብ ወረቀትም የለም። ስለ ሟች የሚወራው በለቅሶው ቤት ነው፣ ከዱዓው በኋላ። የአባቴ ጊዜ ሦስቱንም ቀን ሰው ሲያወራ በስልኬ ቀረጽኩት። ባልቀርጸው ኖሮ ያኔ ከሰማሁት አንድ ቃል ዛሬ ትዝ አይለኝም ነበር፤ ሐዘን ላይ ጆሮ አይሠራም። አሁን እየሰማሁ እየጻፍኩት ነው። የጫት ገበያ ላይ አብረውት ይሠሩ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ስለ አባቴ የተናገሩትን እኛ ልጆቹ ሰምተነው አናውቅም ነበር።

ከነታንያ፦

እዚህ እስራኤል ሆኜ እያነበብኩ ነው። መምህሩ ስለ ወንድማቸው የጻፉትን ደጋግሜ አነበብኩት።

እኛም ቤተ እስራኤሎች ዘንድ ያልተጻፉ ብዙ ናቸው። በ1976 እና በ1977 ከጎንደር በእግር ወደ ሱዳን ሲወጡ በመንገድና በመጠለያ ያለቁት ወገኖቻችን ወደ 4,000 ይደርሳሉ። ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ መታሰቢያ አላቸው፣ በኢየሩሳሌም ቀን በየዓመቱ ይታሰባሉ። የእናቴ ታላቅ እህት ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ መጠለያ ቀርታለች። እናቴ ስለ እሷ ስትጠየቅ «በመንገድ ሞተች» ብላ ታቆማለች። ልጆቻችን በዕብራይስጥ ነው የሚያስቡት፤ እኔ ካልጻፍኩት በአማርኛ የነበረችው አክስቴ ከእናቴ ጋር ትሄዳለች። «ማንም ሳያዛት ምን ታደርግ ነበር?» የሚለውን ጥያቄ ትናንት ማታ እናቴን ጠየቅኋት። «ሸክላ ስትሠራ ትዘፍን ነበር፤ ዘፈኑ ካላለቀ ሥራውን አታቆምም» አለችኝ። ይህን ከዚህ በፊት ነግራኝ አታውቅም።

ሻርጃ ነኝ፦

እትዬ ብዕረ፣ ይቅርታ፣ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። ስምንተኛ ክፍል ነው የደረስኩት። አብራኝ የምትኖር ልጅ ሞታለች። አስክሬኗ ቅዳሜ ሌሊት ቦሌ ይገባል፣ ከዚያ ደሴ ይወስዷታል። አባቷ በስልክ «የሕይወት ታሪኳን እናንተ ጻፉልን፣ እኛ ከሄደች በኋላ ያለውን አናውቅም» አሉ። እንዲህ ጽፌያለሁ፣ ስሟን ትቼው፦

«በሻርጃ ከተማ በግል ሥራ ተሰማርታ ቤተሰቧን ስትረዳ ቆይታለች። እጅግ ሩኅሩኅ፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ነበረች። ሐሙስ ማታ ለጓደኞቿ ሹሩባ ትሠራ ነበር። በድንገተኛ ሕመም ከዚህ ዓለም በሞት ተለይታለች።»

ትክክል ነው?

ብዕረ ቀበና፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ጥሩ ጽፈሻል። ሹሩባውን ማንም አላዘዘሽም፤ ራስሽ ነሽ ያመጣሽው። ስለሱ ጨምሪልኝ። ለማን ነው የምትሠራው? ገንዘብ ትቀበል ነበር? ሁሌ ሐሙስ የሆነውስ ለምንድን ነው?

ሻርጃ ነኝ፦

ዓርብ ዕረፍታችን ስለሆነ ሐሙስ ማታ ነው የምንሰባሰበው። ገንዘብ አትቀበልም። ከአገር አዲስ የመጣች ልጅ ስታለቅስ ሌላው ሁሉ «አይዞሽ፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ማን በደለሽ» ይላታል። እሷ ምንም አትጠይቅም። «ነይ ፀጉርሽን ልሥራልሽ» ትላታለች። ሲሠራላት ታለቅሳለች፣ እሷ ዝም ብላ ትሠራለች። እኔንም የመጣሁ ቀን እንዲሁ ነው ያደረገችኝ።

ብዕረ ቀበና፦

አሁን የጻፍሽውን እንዳለ አስገቢው፤ «እጅግ ሩኅሩኅ» የሚለውን አንሺው፣ ከዚህ በኋላ አያስፈልገውም። እንዲህ ይሁን፦

«ሐሙስ ማታ ለጓደኞቿ ያለ ክፍያ ሹሩባ ትሠራ ነበር። ከአገር አዲስ የመጣች ልጅ ስታለቅስ ምንም ሳትጠይቅ 'ነይ ፀጉርሽን ልሥራልሽ' ትላት ነበር። ይህን የጻፈችው ጓደኛዋ የመጣች ቀን ፀጉሯን የሠራችላት እሷ ናት።»

«በግል ሥራ» ያልሽውን አባቷን ጠይቂያቸው። ቤተሰቧን የረዳችው በሰው ቤት ሠርታ ከሆነ፣ እሳቸው ከፈቀዱ እንዳለ ይነገር፣ ክብር ነው። ካልፈቀዱ እንዳልሽው ይቆይ። ስለ ሕመሟም የሚወስኑት እነሱ ናቸው። መክፈቻውን፣ የአባትና የእናቷን ስም፣ የተወለደችበትን ቀበሌ፣ የክርስትና ስሟን ከደሴ አስልኪልኝ፤ አንዱንም አትዝለይ።

ሻርጃ ነኝ፦

አባቷ «የሠራችውን ጻፉት» ብለዋል። የእናቷን ስም ግን ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት አድርጎ ጻፈልኝ።

ባለ ጽሕፈት ቤቱ፦

እህቴ፣ እናትየዋ ራሳቸው ስማቸውን በድምፅ ቀድተው እንዲልኩልሽ አድርጊ። ጽሑፉን በነጻ አትምልሻለሁ። እስከ ዓርብ ማታ ከደረሰኝ አስክሬኑን ቦሌ ሊቀበል ለሚሄደው ዘመድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እሰጠዋለሁ። ስንት ቅጂ እንደሚፈልጉና ፎቶዋን አብረሽ ላኪ።